አልፎንስ የወደደው ዘፈን

ጥርጣሬ በርናዲን ቤት የገባው በዘፈን በኩል ነው። ሌላዋ ሚስት ባሏ ሲታመም ሳሉን ትሰማለች፣ ወይም ሱሪው ከወገቡ ሲሰፋ ታያለች። እሷ የሰማችው ከላሞቹ በረት በኩል የሚመጣ ድው ድው የሚል ምት ነበር። በምቱ ላይ አንዲት ልጅ እግር ዘፋኝ አንዲት ሐረግ ደጋግማ ታቃስታለች። በርናዲን መጀመሪያ በመንገዱ የሚያልፍ የጎረምሶች መኪና መስሏት፣ እጇን ከሳህኑ ውኃ ሳታወጣ እስኪያልፍ ጠበቀች። አላለፈም።

ወጥታ ብታይ አልፎንስ ነው። ስልኩን ድርቆሹ ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ላሞቹ ከበውት መኖአቸውን ይጠብቃሉ።

"አልፎንስ! ምንድነው ይሄ?"

"ዝም በይና ስሚ" አላት ዓይኑን ሳይገልጥ። "አሁን የምትመጣውን ቦታ ስሚማ።"

ቦታዋ መጣች። ለበርናዲን ጆሮ ከቀደመችው በምንም አትለይም ነበር። ላሞቹም እንደ እሷ ነበሩ።

አልፎንስ ኩበና እኮ ሙዚቃ ያበቃለት እሱ ሃያ ዓመት የሞላው ለት ነው ብሎ የሚምል ሰው ነበር። አያቶቹ ከቼክ አገር ወደዚህ የቴክሳስ ሜዳ ይዘዋቸው ከመጡት ፖልካና ዋልስ ከሚባሉ የጭፈራ ዜማዎች ሌላ፣ ዘፈን የሚባል ነገር ለእሱ አልተፈጠረም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሬዲዮው የፖልካ ሰዓት ሲጀምር ምሳው ይቀርባል፣ ፖልካው ሲያልቅ ገበታው ይነሳል። ልጃቸው ካሪሳ ኮረዳ ሳለች መኪናው ውስጥ የራሷን ጣቢያ ከከፈተች መኪናውን ዳር ያቆምና "ወይ እሱ ይውረድ ወይ አንቺ ውረጂ" ይላታል። አንድ ቀን እውነትም ወርዳ፣ በዚያ ፀሐይ በእግሯ ቤት ገብታለች።

ያ ሰው ነው አሁን ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው። በርናዲን ወደ ኩሽናዋ ተመልሳ እጇን ሳታደርቅ ሂውስተን ለምትኖረው ልጇ ደወለች።

"እማዬ፣ ደግሞ ምን ሆነ?" ካሪሳ ከሃሎ በፊት የምትለው ይህን ነው።

"አባትሽ ዘፈን ወደደ።"

"ምን?"

"ዘፈን። አዲስ። ጎረምሶቹ በመኪና የሚያንባርቁትን ዓይነት።"

ካሪሳ እስኪያስላት ሳቀች። "እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ! እማዬ፣ ይሄማ ደስ የሚል ነገር ነው። ሰው ሠላሳን ካለፈ አዲስ ዘፈን ልቡ አይገባም ይባላል። እኔ ራሴ እስካሁን የማዳምጠው የኮሌጅ ጊዜዬን ነው። አባዬ በዚህ ዕድሜው ፍቅር ያዘው! አሸንፎናል እኮ።"

"ፍቅርማ ቢሆን ልብ ሲከፈት ያስታውቃል። የሱ ግን…" ቃሉን ፈለገችው። "የተከፈተ ነገር አይመስለኝም። የተበጠሰ ነገር ነው የሚመስለኝ።"

"አንቺ እኮ ሰማዩ ጥርት ሲልም ነገ ጎርፍ ነው ትያለሽ።"

"ጎርፉ መጥቶም ያውቃል።"

"አንድ ጊዜ!"

"ለመስጠም አንድ ጊዜ ይበቃል።"

ካሪሳ እንደገና ሳቀችና "በቃ ተይው ይደሰትበት፣ ምቀኛ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ምቀኛ የምትለዋ ቃል ከበርናዲን ጋር ቀረች። ምናልባት እውነት ይሆን እንዴ? ሌሊቱን ስታሰላስል አደረች። እሷ ራሷ አዲስ ዘፈን ልቧን የመታት መቼ ነበር? የዛሬ ስንት ዘመን፣ ገና ሳታገባ፣ በወንድሟ ፒካፕ ኋላ ተቀምጣ ከጭፈራ ስትመለስ። ነፋሱ ፀጉሯን ዓይኗ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከፊት ከሬዲዮው አንድ ዋልስ ይመጣል፣ እሷም ያለ ምክንያት ታለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማችው ሁሉ ያንን የሚያስታውስ ወይም የማያስታውስ ብቻ ነው። እንግዲህ የእሷ ልብ ቀድሞ አርጅቶ፣ የእሱ ገና እንደ ለጋ ቅጠል ቢሆንስ? የራሷን መድረቅ በእሱ ላይ እየለጠፈች ቢሆንስ?

በማግስቱ አልፎንስ ውጭ ሳለ ዘፈኑን በራሷ ስልክ ፈልጋ ከፈተችው። ድንች እየላጠች ሦስት ጊዜ ሰማችው። ዓይኗንም ጨፈነች። ድው ድው አለ፣ ልጅቷ አቃሰተች፣ አለቀ። ልቧ ውስጥ እንኳን ፍቅር ጥላቻም አልመጣ። ዘጋችውና ድንቿን ቀጠለች።

ቢሆንም ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ነው። ማታ እራት ላይ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

"አልፎንስ፣ ምኑን ነው የወደድክለት?"

"የምኑን?"

"የዘፈንህን።"

ሹካውን አስቀምጦ አሰበ። በርናዲን ጠበቀች። ይህ ሰው ስለ አንድ ዋልስ፣ ማን እንደደረሰው፣ በየትኛው አዳራሽ መጀመሪያ እንደተጫወቱት፣ ያን ለት ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ የሚያወራ ሰው ነው። ፍቅር የያዘው ደግሞ ይለፈልፋል እንጂ ዝም አይልም።

"ድው ይላል" አላት በመጨረሻ። ከዚያ ሹካውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ።

ፀደዩ አልፎ የቴክሳስ የሙቀት ወራት፣ በጋው ገባ። ዘፈኑ አንድ ብቻ ነበር፣ ሁለተኛ አልጨመረበትም። ጠዋት በረት ውስጥ ያ ነው፣ ትራክተሩ ላይ ያ ነው፣ ገላውን ሲታጠብ ያ ነው። ሌላም ሌላም ነገር መጣ፣ ለብቻው ሲታይ ወሬ የማይሆን። ጣፋጭ ነክቶ የማያውቀው ሰው ለቤተ ክርስቲያን የጋገረችውን ኮላቼ የሚባል የአፕሪኮት ጣፋጭ ዳቦ ቆሞ ጨረሰው፣ አንድም ለሌላ ሰው ሳያስብ። ስትቆጣው አልተናደደም፣ አላፈረም፣ መልሶም አልቀለደባት። አየት አድርጓት ጣቱን ላሰ። በርናዲን ቢሰድባት ትመርጥ ነበር።

በሐምሌ ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ኤሚል፣ ሞተ። በመንደራቸው በኖቫ ሉካ ሰው ሲቀበር የነሐስ ጥሩምባ የሚነፉት ሰዎች መቃብሩ ጫፍ ቆመው የመሰናበቻውን ዜማ ይጫወታሉ። አልፎንስ አባቱን የቀበረ ለት በዚያ ዜማ ተንሰቅስቆ አልቅሶ፣ ደግፈው ነው ወደ መኪናው የወሰዱት። አሁን ግን ትራምፔቱ ጀምሮ ገና ሳያጋምስ፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ፣

"ይሄ ዜማ ሞቷል። አብራችሁ ቅበሩት" አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ተዛመተ፣ የሟች ሚስት እንኳ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። "ኤሚል ቢሰማህ ከሳጥኑ ይነሳ ነበር" አሉት ሲወጡ ትከሻውን እየመቱ። "ጋሽ አልፎንስ በስተርጅና ቀልድ ጀመረ!" አሉ። በርናዲን ብቻ አልሳቀችም። ከጎኑ ቆማ ስለነበር ፊቱን አይታለች። በዚያ ፊት ላይ ቀልድ አልነበረም። እግሩ በሣሩ ላይ ሌላ ምት ይመታ ነበር።

ጎረቤቷ ሊዮና ከመቃብር ስትመለስ ክንዷን ያዘቻት። "ምነው እንዲህ ተከፋሽ አንቺ? ባልሽ ወጣት ሆነልሽ! የእኔው እንኳን አዲስ ዘፈን አዲስ ካልሲም አይወድ።"

"ሊዮና፣ ጤነኛ አይመስለኝም።"

"ዘፈን ሰው ሲገድል አላየሁም። ይልቅ ለመስከረም ተዘጋጁ፣ የማለሪን ሰርግ ሰልፍ የምትመሩት እናንተ ናችሁ።"

ማለሪ የሊዮና ልጅ ናት፣ የበርናዲን ደግሞ የክርስትና ልጅ። በዚህ አገር ሰርግ ያለ ሰልፍ ሰርግ አይባልም። ከእራት በኋላ ባንዱ የሰልፍ ሙዚቃውን፣ ማርሹን፣ ሲጀምር፣ አካሄዱን የሚያውቁ አንድ ባልና ሚስት ከፊት ይሆናሉ። ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ከዚያ እንግዳው ሁሉ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይከተላቸዋል። መሪዎቹ ወደ ግራ ካሉ ሕዝቡ ወደ ግራ ነው። እጃቸውን አንስተው ድልድይ ከሠሩ ሕዝቡ በሥሩ አጎንብሶ ያልፋል። በመጨረሻ ሁሉንም በክብ ጠቅልለው ሙሽሮቹን መሃል ያቆሙና ዋልሱ ይጀመራል። ተከታይ አይጠይቅም፣ ይከተላል። ከበርናዲንና ከአልፎንስ በቀር ሰልፍ የመራ ሰው የመንደሩ ልጆች አላዩም።

"ሌላ ሰው ይምራው" አለች በርናዲን።

"ማን? ሟች ኤሚል?"

ለካሪሳም ደወለችላት። "እማዬ፣ አባዬን በሕዝብ ፊት ልታዋርጂው ነው? ሰልፉን ከነጠቅሽው ያኔ ነው የሚታመመው" አለቻት። በርናዲን ሐኪም ልታሳየው እንደምትፈልግ ስትነግራት ደግሞ፣ "ሐኪሙን ምን ልትይው ነው? ባሌ ዘፈን ይወዳል?" አለች።

እውነትም ምን ትለዋለች?

ቢያንስ ልፈትነው ብላ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍታ ኩሽና ውስጥ አለማመደችው። ግራ ሲባል ግራ፣ ቀኝ ሲባል ቀኝ፣ ድልድዩን፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የሚጠቀለለውን ዙር፣ ክቡን፣ አንዱንም አልሳተም። እጁ እንደ ጥንቱ የሞቀ ነበር። በርናዲን ትንሽ ዕረፍት አገኘች። ምናልባት እኔው ነኝ የታመምኩት አለች ለራሷ።

የሰርጉ ለት ሙቀቱ አልበረደም ነበር። የአዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ይመልሳል፣ ወለሉ ላይ ጫማ እንዲያንሸራትት የበቆሎ ዱቄት ተነስንሷል፣ ቋሊማውና የተጠበሰው ሥጋ ተበልቶ አልቋል። ለነፋስ ብለው በመንገዱ በኩል ያለውን ሰፊውን በር ወለል አድርገው ከፍተውታል። ፀሐይዋ ልትገባ ስለሆነ በሩ ቀይ ሆኗል። በርናዲን የአልፎንስን ስልክ ከኪሱ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ነበር። ከዚህ በላይ መጠንቀቅ አይቻልም።

አኮርዲዮኑ ማርሹን ጀመረ። አልፎንስ ክንዱን ሰጣት፣ ቀጥ ብሎ፣ ነጭ ሸሚዙ ውስጥ አምሮበት። ከኋላቸው ማለሪና ሙሽራው፣ ከዚያ ካሪሳ ከአንደኛው ሚዜ ጋር፣ ከዚያ ሕዝቡ።

"እማዬ፣ ፈገግ በይ እንጂ! ሰርግ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም" አለች ካሪሳ ከኋላ።

አንድ ዙር ዞሩ። ሁለተኛውን ጀመሩ። በቀዩ በር ፊት ሲያልፉ በርናዲን መጀመሪያ የሰማችው በጆሮዋ አይደለም፣ በክንዷ ነው። የአልፎንስ እርምጃ ከማርሹ ወጣ። ግማሽ ምት ዘግይቶ፣ ከዚያ ጨርሶ ሌላ ሆነ። ዞር ብላ በበሩ አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከተዘጋው የመኖ ሱቅ ፊት፣ ሰርጉ ያልጠራቸው ጎረምሶች ፒካፓቸውን አቁመው ድምፅ ማጉያውን ከፍተዋል። ድው ድው ይላል። ያው ነው።

"አልፎንስ፣ ወደ ግራ" አለች በጥርሷ መሃል።

ወደ በሩ ሄደ።

ሰልፉ ተከተለው። "ኧረ ዛሬ አዲስ አካሄድ አመጡ!" አለ አንዱ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ባንዱ የሚያደርገው ጠፍቶት ማርሹን አጠነከረው። ደረጃውን ወረዱ፣ ጠጠሩን ተሻገሩ። ሙሽራዋ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ትስቃለች። በርናዲን የባሏን ክንድ በሁለት እጇ ሳበች። ዕድሜ ልኩን ድርቆሽ ያነሳ ክንድ ነው፣ እሷን እንደ ሻርፕ ይዟት ሄደ።

"አልፎንስ፣ መንገዱ ነው።"

"እዚያ ነው ያለው" አላት። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። ፊቱ ላይ ደስታ ፈልጋ አጣች። የተጠማ ከብት ውኃ ሲሸተው የሚሄደው አካሄድ ነበር የሚሄደው።

ከዳገቱ ራስ የነዳጅ ቦቴ መብራቱን አብርቶ ወረደ። እነዚህ ቦቴዎች ከአካባቢው የነዳጅ ጉድጓዶች ሞልተው ሲወርዱ እንኳን ለሰው ለፖሊስም አይቆሙም። በርናዲን ልትጮህ አፏን ከፈተች። ብትጮህ ማን ይሰማል? ከኋላዋ መንደሩ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ እየሳቀ፣ ይገፋል። መሪ ሲሄድ ተከታይ ይሄዳል፣ ልጆች ሆነው ያስተማሯቸው እሷና እሱ ናቸው። የአስፋልቱ ጠርዝ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ክንዱን ለቀቀች፣ ሮጣ ፊቱ ቆመች፣ ሁለት እጆቹን ያዘችና ወደ ላይ አነሳቻቸው።

ድልድይ።

አእምሮው የማያውቀውን እጁ ያውቅ ነበር። እግሩ ቆመ፣ ክንዱ ተዘረጋ። ማለሪ "ዋው!" ብላ ከነባሏ በሥራቸው አጎነበሰችና በርናዲን በአገጯ ወዳሳየቻት ወደ አዳራሹ ዞረች። ሕዝቡም ተከትሏት ዞረ። ጥንዱ በጥንዱ ላይ በሥራቸው ያልፋል፣ ባርኔጣ ይወድቃል፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ። ቦቴው ጥሩምባውን እየነፋ ከበርናዲን ጀርባ አለፈ፣ ነፋሱ ቀሚሷን እግሯ ላይ ለጠፈው። ሕዝቡ ሹፌሩ ለሰርጉ የነፋ መስሎት እጁን አወዛወዘለት።

አልፎንስ ዓይኑን አልነቀለም። በእሷ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ ፒካፑ ያያል።

ካሪሳ በድልድዩ ሥር ስትደርስ ቀልድ ልትወረውር ቀና አለች። የአባቷን ፊት አየችና ቀልዱ አፏ ላይ ቀረ። የሚዜውን እጅ ለቃ ከሰልፉ ወጣች።

"እማዬ… አባዬ ምን እያየ ነው?"

"ሰው ይለፍ" አለች በርናዲን። የአልፎንስን እጆች ሽቅብ እንደያዘች ነበር። "መጀመሪያ ሰው ይለፍ።"

የመጨረሻዎቹ ጥንዶች አለፉ፣ ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ። በርናዲን እጇን ስታወርድ አልፎንስ ካቆመበት ቀጠለ፣ ወደ አስፋልቱ። ካሪሳ ፊቱ ቆመች።

"አባዬ፣ የት ነው?"

"እዚያ።"

"ቦቴውን አላየኸውም እንዴ?"

"የቱን ቦቴ?"

ካሪሳ ወደ እናቷ አየች፣ ከዚያ ገና አቧራው ያልረጋውን መንገድ። እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች። "የመኪናህን ቁልፍ ስጠኝ፣ አባዬ። እኔ ነኝ የምነዳው።" ከዚህ በፊት ቁልፉን ለማንም ሰጥቶ የማያውቀው ሰው ከኪሱ አውጥቶ፣ ለምን ሳይል፣ መዳፏ ላይ ጣለላት። ይሄኔ ነው ፊቷ የተለወጠው። ክንዷን በክንዱ አስገብታ ያዘችው፣ በርናዲን በሌላው በኩል ያዘችው፣ ሦስቱም ጠጠሩ ላይ ቆሙ። ከአዳራሹ "መሪዎቹ የት አሉ? ክቡ ይዘጋ እንጂ!" የሚለው የሊዮና ድምፅ ይመጣል።

"ሕመሙ መቼ ነው የጀመረው?" አለች ካሪሳ በቀስታ።

በርናዲን ይህን ጥያቄ በጋውን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር። ለሐኪም፣ ለቄስ፣ ለሊዮና፣ ለማንም ቢሆን ልትመልሰው ዝግጁ ነበረች። አሁን ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነበር የፈለገችው።

"ከፀደይ ጀምሮ" አለች። "ዘፈኑን ከወደደ ወዲህ።"

ብላም ልጇ እንደ ወትሮው እንድትስቅባትና ተሳስተሻል እንድትላት ተመኝታ ጠበቀች። ካሪሳ አልሳቀችም።